አማቴና የመልሳችን ዳስ ምሰሶ

ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «መሐንዲስ ነኝ» ማለት ከተውኩ ቆየሁ። መሐንዲስ ነኝ ያለ ሰው አበቃለት። ለሐኪም ቢያንስ የሚያሳዩት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ለመሐንዲስ የሚያሳዩት ግን የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው። አንድ ጊዜ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሙያዬን ሰምተው መሐል ሜዳ እስክንደርስ ድረስ የወጥ ቤታቸውን ስንጥቅ ከስልካቸው ላይ ከሩቅም፣ ከቅርብም፣ ከጎንም አሳዩኝ። በመጨረሻ «ያሰጋል?» አሉኝ። «ምንም አያሰጋም፣ ልስኑ ነው» ብላቸው ፊታቸው ጥቁር አለ። ስንጥቃቸውን የናቅሁባቸው መሰላቸው። አሁን «ቢሮ ነው የምሠራው» እላለሁ። ቢሮ ውስጥ ምን እንደምሠራ ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሙያዬን የደበቅሁት ግን በእኚያ እናት ምክንያት እንዳይመስላችሁ። በራሴ መልስ ምክንያት ነው። ከሠርግ በኋላ ሙሽሮች የሚስቲቱ ወላጆች ቤት ሄደው የሚጋበዙበት፣ ሙሽራው የአማቱን ጉልበት ስሞ ቤተሰብ የሚሆንበት ያ ድግስ፣ እኔ ላይ ሲደርስ የምሰሶ ድግስ ሆነ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ፤ አለበለዚያ ሰክሬ ነበር የሚሉትን ታምናላችሁ። እኔ ሕንፃ አልሠራም፤ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። እኔ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ እያንዳንዱ ብረትና እንጨት ስንት እንደሚችልና ስንት ላይ እምቢ እንደሚል አሰላለሁ። ኮምፒውተር ደግሞ የዋህ ነው። ገመድ ስታሳየው እንጨት ይመስለዋል። ገመድ ሲጎትቱት እንደሚጸና፣ ሲገፉት ግን እጥፍ ብሎ እንደሚተኛ እኔና እናንተ እናውቃለን፤ እሱ አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገመድ «የመጎተት ገደብህ ይህን ያህል ነው፤ የመገፋት ገደብህ ባዶ ነው» ብሎ መንገር የግድ ነው። ለቀጭን ምሰሶ ደግሞ «እስከዚህ ድረስ ቀጥ ብለህ ተሸከም፤ ካለፈ ጉበጥ፤ ከጎበጥህ በኋላ ተጨማሪ አትቀበል» ይባላል።

ይህን ከነገርነው በኋላ ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ይሆናል። ሸክሙን ለሁሉም ያካፍልና ገመዱ ዘንድ ሄዶ «ትገፋለህ?» ይለዋል። ገመዱ «አልችልም» ይላል። ተመልሶ የገመዱን ድርሻ ለምሰሶው ይሰጣል። ምሰሶው «ሞላሁ» ይላል። ተመልሶ ሌላውን ይለምናል። እንዲህ ሲመላለስ ሁሉም የተስማሙ ዕለት ስሌቱ አለቀ ይባላል። አንዳንዴ አይስማሙም፤ ያን ጊዜ ማያው ላይ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፤ እኔም ሻይ ልጠጣ እወጣለሁ።

የእኔም ጣጣ የመጣው ከሽማግሌ ነው። ምሕረትን ያወቅኋት አዲስ አበባ ነው፤ አባቷ ግን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ይኖራሉ። አቶ ደምሴ ይባላሉ። በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ዘመናቸውን ጨርሰው ጡረታ ቢወጡም አገሩ እስከ ዛሬ «ዳይሬክተሩ» ነው የሚላቸው። ገበያ መሐል ሲያልፉ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ሲጋራቸውን ከነእሳቱ ወደ ኪሳቸው ሲከቱ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ እኔና ምሕረት ደብረ ብርሃን ያለው አዳራሽ እንዳያመልጠን ብለን ቀድመን ያዝነው፤ ሽማግሌ ኋላ ላክን። ሽማግሌዎቼ እንደ ደንቡ ደጃፍ ቆመው፣ እንደ ደንቡ ተለምነው ገብተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ሳይጨርሱ አቶ ደምሴ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል?»

ከሽማግሌዎቼ አንዱ እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ማለፍ አይወድም።

ልጃቸውን ስለሚወዱ ፈቀዱ። ሠርጉ ላይም መጡ፣ በሉ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የምርቃት ሰዓት ሲደርስና ሁሉም ወደ እሳቸው ሲዞር «እኔ የምመርቀው በቤቴ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ምሕረት ለካሜራው ፈገግ እንዳለች ቀረች፤ መኪና ውስጥ ስንገባ ግን አለቀሰች። «ያለ አባቴ ምርቃት የወጣሁ ልጅ ሆንኩ» አለችኝ። ስለዚህ ወደ መልሱ ስንሄድ ለሁለታችንም የቀረን አንድ ጉዳይ ነበር፤ የአቶ ደምሴ ምርቃት።

ቀኑን ልንቆርጥ የሄድን ዕለት አቶ ደምሴ፣ ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ተፈራና እኔ ግቢው ውስጥ ቆመን ስለ ዳሱ እናወራለን። የእድሩ ድንኳን አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የእድሩን ድንኳን ባለፈው አንድ ተዝካር ላይ የመንዝ ነፋስ ከነካስማው ነቅሎ ገደል ማዶ እንዳሻገረውና እዚያ ማዶ የሰው ገለባ እንደሚሸፍን ተነገረኝ።

«መሐንዲስ አይደለህም?» አሉኝ አቶ ደምሴ። «በል እንግዲህ ዳሱን አንተ ሥራው። የማይወድቅ ይሁን።»

ጋሽ ተፈራ ደንግጠው አሳላቸው። «ወንድም ጋሼ፣ ሙሽራ የገዛ መልሱን ዳስ ሲሠራ ታይቶ አይታወቅም እኮ።»

«ሙሽራ አዳራሽ ተከራይቶ ሽማግሌ ሲልክስ ታይቶ ይታወቃል?»

ወደ ሥራ ገባሁ። ባሕር ዛፍ አጠና ተቆረጠ፣ ሸራ ከገበያ ተገዛ፣ ገመድ ተሰበሰበ። ጣሪያውን በጓሳ ሣር ባለብሰው ያምራል ብዬ ነበር። ጓሳ ከላይ ከደጋው ያለው የጋራ ሣር ነው፤ አገሩ በደንቡ ካልከፈተው ማጭድ ይዞ የሚጠጋው የለም። «አልተከፈተም» አሉኝ፤ በዚያው አለቀ። የተከራከረ የለም፣ ዘመድ ልፈልግ ያለ የለም። ሣር ገደብ አለው ሲባል እንዲህ የሚሰማ ሕዝብ፣ ምሰሶም ገደብ አለው ስለው ግን እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ላፕቶፔን ገብስ የሞላ ጆንያ ላይ አስቀምጬ ዳሱን በስሌት አቆምሁት። ጎረቤት ሁሉ ከበበኝ። በመጀመሪያው ሙከራ የገመዶቹን ገደብ መንገር ረስቼ ኖሮ ኮምፒውተሩ ጣሪያውን ለገመዶቹ አሸክሞ ምሰሶዎቹን አሳረፋቸው። ውጤቱ እንዴት ያምር ነበር! ለተሰበሰበው ሰው «አያችሁ፣ የመሃሉ ምሰሶ እንዲያውም ትርፍ ነው» ብዬ ካወጅሁ በኋላ ነው ያስታወስሁት። ገደቡን ጽፌ እንደገና ሳሠራው ሸክሙ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የመሃሉ ምሰሶ ላይ አረፈ። ምሰሶው የጣሪያውንና የነፋሱን ይችላል፤ ትንሽ መጠባበቂያም ይተርፈዋል። ከዚያ በላይ ከመጣ ይጎብጣል። ይህንን ለአቶ ደምሴ በክብር አስረዳሁ።

«በአጭሩ» አሉኝ፣ «ካልነካኩት አይወድቅም።»

«አዎ አባባ።»

«መንካት የማይወድ ሰው እዚህ አገር አታገኝም።»

ለዚህም መላ አበጀሁ። ምሰሶው ላይ በጠመኔ «በዚህ ላይ ምንም ነገር አይታሰር» ብዬ ጻፍሁ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ የድግሱ በግ ታስሮበት አገኘሁት፤ ጽሑፉን በጎኑ እያሸ ግማሹን አጥፍቶታል። በጉን ፈትቼ እንደገና ጻፍሁ። ደግሞ ለክፉ ቀን ብዬ አንድ ወፍራም ደረቅ አጠና መርጬ ከቤቱ ኋላ አጋደምሁ። ከዚያ በላይ ምን ያድርግ አንድ ሙሽራ?

የመልሱ ዕለት ከመሐል ሜዳ በመኪና፣ በጥሩንባና በዘፈን ታጅበን መጣን። ሚዜዬ ዮናስ፣ ተወልዶ ባደገባት አዲስ አበባ የሱፍ ኮት የበቃው ሰው፣ ከመኪና ሲወርድ ብርዱ ጥርሱን አንገጫገጨው። ነፋሱ ያፏጫል፤ ዳሱ ግን እንደ ካህን ረጋ ብሎ ቆሟል። ደስ አለኝ። ምሕረት እጄን ጨመቅ አድርጋ «ጎበዝ» አለችኝ። ገብተን ከሙሽሮቹ ቦታ ተቀመጥን። ቀና ስል የመሃሉ ምሰሶ ጎብጧል።

ብዙ አይደለም። ለሌላው ሰው አይታይም። ለእኔ ግን የገዛ ስሌቴ በሰው ፊት ራቁቱን ወጥቶ የቆመ ያህል ነበር። ዓይኔን ወደ ታች ስሰድ ነገሩ ገባኝ። ምሰሶው ወገብ ላይ በሁለት ወገን የሚወጣ መስቀለኛ እንጨት በጠፍር ግጥም ተደርጎ ታስሯል። የረጃጅሞቹ አግዳሚ ወንበሮች አንድ ጫፍ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ጫፍ እዚህ እንጨት ላይ አርፏል። አግዳሚዎቹ ላይ ደግሞ የአቶ ደምሴ የንስሐ አባት መምሬ አስፋው ከነካህናቱና ከነቤተ ዘመዱ ተደርድረዋል። ያ ሁሉ ክብር፣ ያ ሁሉ ጋቢና ያ ሁሉ ሥጋ የእኔን ምሰሶ ወገቡን ይዞ ይጎትተዋል።

ጋሽ ተፈራን ጠቀስኳቸው። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ምሰሶው ላይ ምን አሰራችሁ?»

«ለአግዳሚው እግር አነሰንና ነዋ! ምሰሶው ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር።»

«ተጽፎበታል እኮ፣ ምንም አይታሰር ተብሎ!»

«እሱማ ለበጉ አይደል?» አሉኝ፣ በግርምት።

አይፈረድባቸውም። መሥሪያ ቤታችንም እንዲሁ ነው። ትንሽ አቅም የተረፈችው ሰው ከታየ፣ በማግሥቱ ያንን ትርፍ የሚጨርስ የአንድ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ይጨመርለታል። ሲጎብጥ ደግሞ «ምነው አረጀህ?» ይባላል።

ዮናስን ቶሎ ብለህ ከቤቱ ኋላ ያለውን አጠና አምጣ ብዬ ላክሁት። ባዶ እጁን ተመለሰ። ወጥ ቤቶቹ «ያ ደረቁ እንጨት? እግዜር ይስጠው፣ ወጡን ያደረሰልን እሱ ነው!» ብለው መርቀው ሸኝተውታል።

«ታዲያ ሰዎቹን ተነሡ በላቸው» አለኝ ዮናስ። የከተማ ሰው! የተቀመጠ እንግዳን፣ ያውም ካህንን፣ ያውም ገና እጁን ታጥቦ ማዕድ የቀረበለትን፣ ሙሽራው ሄዶ «ይነሡልኝ» ቢለው አቶ ደምሴ መመረቁ ቀርቶ ረግመው ይሸኙኛል። ምሕረት ደግሞ አጠገቤ ሆና ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም፤ አባቷ በር ላይ እንግዳ እየተቀበሉ ነው፤ ሲጨርሱ ገብተው ይመርቁናል።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ከበር ብቅ አሉ። ዳሱ ሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። «በእግዜር! በእግዜር!» አሉ ሽማግሌው። ምሰሶዬም አብሮ ብድግ አለ። እውነቴን ነው፤ አግዳሚዎቹ ሲቀሉ ወገቡ ቀና፣ ቁመናው እንደ መጀመሪያው ሆነ። ሽማግሌው ተቀመጡ፤ ሰው ተቀመጠ፤ ምሰሶው ጎበጠ።

ኮምፒውተሬ ውስጥ የጣሪያ ሸክም አለ፣ የነፋስ ሸክም አለ። የአክብሮት ሸክም የሚል ግን የለም።

«ዮናስ» አልሁት፣ «ሂድና የተከበረ ሰው አምጣልኝ። አንድ በአንድ። እያረፍህ አምጣ።»

ዮናስ እውነተኛ ጓደኛ ነው፤ ምክንያት ሳይጠይቅ ወጣ። መጀመሪያ የቀድሞ የቀበሌ ሊቀመንበር ይዞ ገባ። «ኖር!» ተባለ፤ ትንሽ እያመነቱም ቢሆን ተነሡ። ሰውየው ሥልጣን ከለቀቁ ወዲህ የተነሣላቸው ስላልነበር ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ቶሎም አልተቀመጡ፣ እግዜር ይስጣቸው። ቀጥሎ የእንስሳት ሐኪሙ ረዳት መጣ። ከእሱ ቀጥሎ ገበያ የሚሄድ አንድ መንገደኛ ተለምኖ ገባ። በኋላ የተከበረ ሰው ሲያልቅበት ዮናስ ያመጣንን ሾፌር ጋቢ አልብሶ «ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዳ» ብሎ አስገባው፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ተነሡ። ሾፌሩ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ ስለማያውቅ ወጥቶ እንደገና ሊገባ ሲል ያዝነው። የቀድሞው ሊቀመንበር ግን ማንም ሳያያቸው ወጥተው እንደገና ገብተዋል።

መምሬ አስፋው ጉልበታቸውን እያሹ «ልጆቼ» አሉ፣ «ስቅለትም እንዲህ አላሰገደኝ። ከእንግዲህ ዳይሬክተሩ ካልገቡ በቀር ለማንም አልነሣም።» የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ የታዘዘው ግን ዳሱ ሁሉ ነው። ቀጥሎ የገባውን ሰው ሁሉም ከተቀመጡበት ሆነው «ኖር» ብቻ አሉት። ምሰሶው ደግሞ ቀስ እያለ፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጎብጥ ጀመር።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ሙሽራዬን ትቼ፣ የሱፍ ልብሴን እንደለበስሁ፣ ሄጄ በትከሻዬና በሁለት እጄ ምሰሶውን ደገፍሁት። ሸክሙ ሲያርፍብኝ ዓመታት ሙሉ በቁጥር ብቻ የማውቀውን ነገር በትከሻዬ አወቅሁት። አይወደድም። ሰዉ አጉረመረመ። አንዷ አክስት «ጠጁ ነው፣ ባዶ ሆዱን ጠጥቶ» ስትል ሰማኋት። ምሕረት ከቦታዋ ሆና በዓይኗ «ምን ሆነሃል? ና ተቀመጥ!» ትለኛለች። እኔም በዓይኔ ስለ ምሰሶ ገደብ ላስረዳት ሞከርሁ። በቃል እንኳ ገብቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

አቶ ደምሴ ገቡ።

ዳሱ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ፤ ምሰሶው ቀለለኝ። ልሮጥ፣ ጉልበታቸውን ልስም አንድ እርምጃ ስጀምር አማቴ እጃቸውን አንሥተው «ተቀመጡ» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ትምህርት ቤት መሰላቸው መሰለኝ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ዘጭ አለ። ምሰሶው ከትከሻዬ ጋር ተጋጨ፤ ዓይኔ ብልጭ አለ። እንደገና ጥምጥም ብዬ ያዝሁት።

አቶ ደምሴ መሐል ላይ ቆሙ። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ወደ ፊት ሰደዱ። ጉልበቱ ይኸው፤ ሙሽራው ይምጣ። ዘፈኑ ቆመ። ሁሉም እኔን ያያል።

«ና እንጂ፣ መሐንዲሱ።»

«አባባ... አልችልም።»

የእንስሳት ሐኪሙ ረዳት ያነሣው ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ። ምሕረት በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ምን አልህ?»

«ከለቀቅሁት ይወድቃል፣ አባባ። መምሬ ላይ ነው የሚወድቀው።»

አማቴ ምሰሶውን አዩ። መስቀለኛውን እንጨት አዩ። በጠመኔ የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ወንድማቸውን አዩ፤ ጋሽ ተፈራ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። አቶ ደምሴ ከዘራቸውን ለዮናስ ሰጥተው መጡ፤ ካባቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ በሁለት እጃቸውና በትከሻቸው ምሰሶውን ከእኔ በላይ ያዙት።

«ልቀቅ» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ እንዴት...»

«ልቀቅና ሳም! ደንብ ደንብ ነው።»

ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ቀና ስል ግን መምሬ አስፋው ቆመዋል። ቀጥሎ ካህናቱ ቆሙ። ቀጥሎ ዳሱ ሁሉ ተነሣ። ዳይሬክተሩ ምሰሶ ተሸክመው ቆመው ማን ይቀመጣል?

«ተቀመጡ!» አሉ አማቴ።

«እርስዎ ቆመው?» አሉ መምሬ።

«በመድኃኔዓለም ተቀመጡ!»

«አይሆንም ዳይሬክተር!» ዕድሜ ልካቸውን አዝዘው የታዘዙ ሰው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ተባሉ። ማዕዱ በየእጁ ተያዘ፤ ሰው ቆሞ ይጎራረስ ጀመር። ምሰሶውም ቀጥ አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። መስቀለኛው እንጨት ላይ ከባዶ አግዳሚ በቀር ምንም የለም። አማቴ የያዙት ራሱን የቻለ ምሰሶ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ ቢኖርም ላቡ የእምነት እንጂ የሸክም አይደለም።

ለጋሽ ተፈራ «አሁኑኑ አግዳሚዎቹን እንፍታ» አልኋቸው። «እንግዳ ቆሞ ወንበር ማንሣት?» አሉኝ ደንግጠው። «ሂዱልን ማለት እኮ ነው!» እሱም እውነት ነው።

ምሕረት መጣች። «አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምርቃቱስ?»

«እጄ እንደተፈታ፣ ልጄ» አሉ። መመረቅ እጅን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ነው። የእሳቸው እጆች ግን ምሰሶ ይዘዋል።

አሁን ፍረዱኝ። እውነቱን ብነግራቸው፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ባዶ እንጨት ታቅፈው እንደቆሙ ያውቃሉ፤ አፍረው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ሲቀመጡ ሁሉም ይቀመጣል፤ ምሰሶውም የእውነቱን ይሰበራል። ዝም ብል ምርቃቱ ይቀራል፤ ሚስቴም ባዶ እጇን ትመለሳለች። ሁለቱንም አሰላሁ፤ አልስማማ አለኝ። ፈራሁና እውነቱን ደበቅሁ። ምሕረት አጠገቤ ቆማ እንባዋን ለመዋጥ ትታገላለች፤ እንደዚያን ሰዓት ሙያዬን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

አቶ ደምሴ ልጃቸውን አዩ። ረዘም አድርገው አዩአት። ከዚያ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሁላችሁም ወደ ዳር!» አሉ። ሰዉ ወደ ዳር ሸሸ። «መምሬ፣ እርስዎም! ተፈራ፣ አንተ በተለይ!» እኔና ምሕረት ከፊታቸው ተንበረከክን። ዳሱ ራሳቸው ላይ እንደሚወድቅ አምነው፣ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ቀብረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ምሰሶውን ለቀቁና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ውለዱ ክበዱ! እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ! ቤታችሁ ይሙላ! አምላክ ያጽናችሁ! አሜን በሉ ቶሎ!»

«አሜን!» አለ አገሩ።

እንደዚያ በጥድፊያ የተመረቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምሕረት እየሳቀች ታለቅሳለች። አማቴ የሚወድቀውን ጠብቀው ምንም ሲጠፋ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ምሰሶው ቆሟል። ሁለተኛውን ገለጡ። ወደ ምሰሶው ዞረው በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚዋሽ ተማሪ ከዓይኑ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መሬት መሬት አየሁ። አለቀልኝ አልሁ።

አቶ ደምሴ ዳሱን ዙሪያውን ቃኙ። ሰው ሁሉ በእሳቸው ምክንያት ቆሞ፣ ትሪ ትሪውን ይዞ ይጎራረሳል፤ መምሬ አስፋው ጉልበታቸውን ረስተው ለሾፌሩ ያጎርሳሉ። አማቴ ካባቸውን እንደገና ወደ ኋላ ጣሉ፤ ተመልሰው ምሰሶውን በሁለት እጃቸው አቀፉት፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገውም «እህህ!» ብለው አቃሰቱ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። እስከዚያች ሰዓት መሐንዲሱ እንጂ ሌላ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

«ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ከባድ ነው።»

«አዎ አባባ» አልኋቸው፣ «በጣም ከባድ ነው።»